እንግዳው አልወጣም

አስቀድሜ ልንገራችሁና እንተማመን፣ እኔ እንዲህ ያለ ነገር የማምን ሰው አይደለሁም። ሰፈር ውስጥ "እነ እገሌ ቤት ጣሪያ ላይ ድንጋይ ይዘንባል" ሲባል፣ ድንጋዩን የሚወረውረውን ጎረቤት ፈልጌ የማጋልጥ፣ አክስቴ "ዛሬ ውቃቢዬ ተቆጥቷል" ስትል "የተቆጣ ሁሉ ሽቶ ይገዛለታል እንዴ?" ብዬ ያስኮረፍኳት፣ ባጭሩ ነገረኛ ሰው ነኝ። የተማርኩትም ሂሳብ ነው። አሁን የማወራችሁን ሌላ ሰው ቢያወራኝ ኖሮ ሳይጨርስ ተነስቼ እሄድ ነበር። እናንተ ግን አትሂዱብኝ፣ ይህን ያህል ዓመት ለማንም ያልተነፈስኩት ነውና አንዴ ከጀመርኩ ልጨርሰው።

ነገሩ የሆነው በደርግ የመጨረሻዎቹ ዓመታት፣ አንኮበር፣ ጎረቤላ ላይ ነው። የሃያ ስድስት ዓመት ጎረምሳ ነበርኩ፣ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ሥራ በሚሠራ አንድ ፕሮጀክት ውስጥ ተቀጥሬ ነበር። ሥራችን በየተራራው እርከን ማሠራትና ችግኝ ማፍላት ነው። ፕሮጀክቱን የሚረዱ ፈረንጆች አንድ ኮምፒዩተር ሰጡን። ከተማው መብራት የለው፣ ኮምፒዩተር ግን አለው፤ ሳቁ እንጂ፣ እኛም ስቀናል። ከቢሮው ጀርባ ጄኔሬተር ተተከለና እኔ አዲስ አበባ ሦስት ወር ሠልጥኜ የኮምፒዩተሩ ሠራተኛ ሆኜ ተመለስኩ። ከዚያ በኋላ ጎረቤላ ውስጥ እንደኔ የተንጠባረረ ሰው አልነበረም ብል ማጋነን አይሆንም።

የዛሬን ኮምፒዩተር አታስቡ። ጥቁር መስኮት ነው፣ አረንጓዴ ፊደል ይወጣበታል፣ ሥዕል የለ፣ ምን የለ። ሲከፈት አንድ ሜኑ ይመጣል፣ ማለትም የሥራ ዝርዝር፣ "አንድ ቁጥርን ብትነካ ይሄ ይከፈታል፣ ሁለትን ብትነካ ያ ይከፈታል" የሚል። ሲመጣ ሁሉም በእንግሊዝኛ ነበር፣ እኔ ግን ፈታትቼ እንደገና ሠራሁት። የአማርኛ ፊደል ስለሌለው በፈረንጅ ፊደል "ዝናብ"፣ "ችግኝ"፣ "ሠራተኛ"፣ "ደብዳቤ" እያልኩ ጻፍኩበት፣ ዳር ዳሩን በሰረዝ አጠርኩት፣ ሰዓቱን እንኳ ሳይቀር በኛ አቆጣጠር ሞላሁት። ሰው ሁሉ እየመጣ ያይልኝ ነበር።

ችግሩ እንግዳ ነው። ከአዲስ አበባም ከውጭም ባለሙያ ይመጣል፣ "እስቲ አንዴ" ብሎ ይቀመጣል፣ የነካካውን ነካክቶ ይሄዳል። አንዱ ጢማም የዓመቱን የዝናብ መዝገብ ድራሹን አጠፋው። የጣቢያው ኃላፊ ጋሽ ፀጋዬ ያን ቀን ራሱን ይዞ ተቀመጠና፣

"ስማኝ ደምሴ፣ ለነዚህ ሰዎች የራሳቸውን በር ስጣቸው፣ በኛ በር አይግቡ" አለኝ።

ሰጠኋቸው። ኮምፒዩተሩ ሲከፈት ስም እንዲጠይቅ አደረግሁት። በኔ ስም ወይም በጋሽ ፀጋዬ ስም ገብቶ ሚስጥር ቃሉን የጻፈ ሁሉን ያያል፤ "እንግዳ" ብሎ የገባ ግን ሦስት መስመር ብቻ ያለው ሜኑ ይመጣለታል፣ አንድ ደብዳቤ መጻፊያ፣ ሁለት የዝናብ መጠን ማያ፣ ሦስት መውጫ። የሠራተኛ ዝርዝር ውስጥ መግባት ቀርቶ መኖሩንም አያውቅም። በዚያ ላይ እንግዳው የገባበትንና የወጣበትን ሰዓት የሚመዘግብ ነገር አበጀሁለት። አሠልጣኛችን "ለእንግዳውም ሚስጥር ቃል ስጡት፣ ክፍት በር እንዳትተዉ" ብሎ አጥብቆ ነግሮን ነበር። ይህን ለጋሽ ፀጋዬ ባነሳው ሳቀብኝ።

"እንግዳ በር ላይ 'ማነህ' ተብሎ ይጠየቃል እንዴ? አባትህ ቤት የመሸበት ሰው ሲመጣ ስሙን የምትጠይቁት ሳይበላ ነው ከበላ በኋላ?"

"ከበላ በኋላ።"

"በል እንግዲህ፣ ክፍት ተወው።"

ነውርም መሰለኝ፣ ክፍት ተውኩት። በዓለም ላይ ኮምፒዩተርን እንደ ገጠር ቤት ያስተዳደርን እኛ ብቻ ሳንሆን አንቀርም።

አሁን ወደ ጉዳዩ ልግባ። ያኔ የብሔራዊ ውትድርና ነገር ሰውን ሁሉ ያስጨነቀበት ጊዜ ነበር። ለወረዳው ኮታ ተጣለ፣ ከየመሥሪያ ቤቱም ዕድሜው የደረሰ ወንድ እንዲሰጥ ታዘዘ። የኛ ፕሮጀክት ብዙ ተሟግቶ "ለሥራው እጅግ አስፈላጊ" ያላቸውን አሥራ ስምንት ሰዎች እንዲያስቀር ተፈቀደለት፣ ሌላው ይሄዳል። አሥራ ስምንት፣ አንድ አይጨመር አንድ አይቀነስ፣ ቁጥሩ በደብዳቤ ቀድሞ ሄዷል። ስሞቹን ጋሽ ፀጋዬ ራሱ መረጠ፣ እኔም የኮምፒዩተር ሠራተኛ ነኝና ገባሁ። የእህቴ ባል ሙሉጌታ ግን አልገባም።

ሙሉጌታ ችግኝ ጣቢያው ውስጥ ነበር የሚሠራው፣ ሳቂታ፣ ለሰው የማይከብድ። ጋሽ ፀጋዬን ብለምነው "ችግኝ ማጠጣት ማንም ይችላል፣ እኔ ጨካኝ ሆኜ ነው?" አለኝ። ታላቅ እህቴ አሰለፈች ዝርዝሩ በሚሰጥበት ዋዜማ ማታ ክፍሌ ድረስ መጥታ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። አላለቀሰችም፣ ብታለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ወረቀቱን የምትጽፈው አንተ አይደለህም?"

"እጽፋለሁ እንጂ አልመርጥም አሰለፍ።"

"የአንድ ሰው ስም መጨመር ያቃተው ጸሐፊ ምኑ ነው ጸሐፊ? ሁለት ልጅ ይዤ የማን ደጅ ልቁም? እሱ እዚያ ሄዶ ይመለሳል ብለህ ነው?"

ከመንደሩ የሄዱት አልተመለሱም፣ ይህን እሷም እኔም እናውቃለን። ስትወጣ በሩን እንኳ አልዘጋችውም።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ከተማው በሙሉ ቀበሌ አዳራሽ ለስብሰባ ተጠራ፣ ጋሽ ፀጋዬም ሄደ። እኔ ዝርዝሩን አትሜ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ለሚመጣው የምልመላ ኮሚቴው መልእክተኛ እንዳስረክብ ቀረሁ። ጋሽ ፀጋዬ ከመሄዱ በፊት ሁለት ባዶ ወረቀት ግርጌ ላይ ፈርሞ ማህተሙን አሳርፎ ሰጠኝ፣ "አንዱ ቢበላሽ በአንዱ አትምበት" ብሎ። አዎ፣ ባዶ ወረቀት ላይ። እንዲህ ነበር የምንሠራው፣ አለቃ ስብሰባ ላይ ነው የሚውለው፣ ሥራ ደግሞ አይጠብቅም።

ጉም ነበር። የአንኮበርን ጉም የማያውቅ ሰው ጉም አየሁ አይበል፣ ከቆላው በገደሉ ሥር እየተጎተተ ይወጣና ደጃፍህን አልፎ ቤትህ ይገባል። ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ የግቢው በር ከመስኮቴ አይታይም ነበር። ግቢው ውስጥ የቀረነው እኔና ዘበኛው ጋሽ ወንዴ ብቻ ነን፣ ጄኔሬተሩን የሚያስነሳውም የሚያጠፋውም እሱ ነው።

በስሜ ገባሁ፣ ሚስጥር ቃሌን ጻፍኩ፣ የሠራተኛውን ዝርዝር ከፈትኩ። አሥራ ስምንቱን ስሞች ላይ ታች አልኩባቸው። ዓይኔ ሰይድ ላይ አረፈ።

ሰይድን ላስተዋውቃችሁ። የድንጋይ እርከን ግንበኛ ነው፣ ቤቱ ከአልዩ አምባ በታች ቆላ ነው፣ ሰኞ ይወጣል ሐሙስ ከሰዓት ለጁምዓ ሶላት ይወርዳል። ሲመለስ ጥንቅሽ ይዞልኝ ይመጣ ነበር፣ "ደምሴ፣ ይሄ ሣጥንህ ጥንቅሽ አይበላም?" እያለ ይቀልድብኛል። ካገባ ዓመቱ ነው። ለምን እሱን መረጥክ ብትሉኝ እውነቱን እነግራችኋለሁ፣ ጠያቂ የለውም። የሌሎቹ እናት፣ አጎት፣ የክርስትና አባት ጎረቤላ ላይ አለ፣ ነገ ደጄ ላይ ይቆማል። የሰይድ ሰው ሁሉ ገደሉን ወርዶ ነው፣ ወሬው እስኪደርሳቸው እሱ ሰሜን ደርሷል። ይህን በልቤ አሰላሁት፣ ሂሳብ ተምሬ የለ።

ስሙን አጠፋሁና በቦታው ሙሉጌታ ብዬ ጻፍኩ። የፈጀብኝ ጊዜ አንድ ሰው አፍንጫውን እስኪናፈጥ ነው።

አፌ ደረቀ። ማህተም ያለበት ወረቀት ጠረጴዛ ላይ ስላለ በሩን ቆልፌ፣ ቁልፉን ኪሴ ከትቼ ወደ ጋሽ ወንዴ ጎጆ ውሃ ልጠጣ ወጣሁ። ቁልፉ አንድ ብቻ ነው፣ ይህን ያዙልኝ። የክፍሉ መስኮትም ፍርግርግ ብረት ነው። ጋሽ ወንዴ ካፖርቱን ተከናንቦ ጉሙን ያያል።

"ምነው ፊትህ አመድ መሰለ?"

"ብርዱ ነው ጋሽ ወንዴ።"

"በል ጨርስና ግባ። እንዲህ ባለ ቀን በር ዘግቶ መቀመጥ ነው፣ የሚሄደው አይለይ፣ የሚመጣው አይለይ።"

"ማን ይመጣል ብለው ነው?" ብዬ ሳቅሁበት፣ ውሃዬን ጨልጬ ተመለስኩ።

በሩ ጋ ስደርስ የፊደል መምቻው ድምፅ ተሰማኝ። እመኑኝ፣ የዚያን ዘመን ኮምፒዩተር ፊደሉ ሲነካ እንደ ዛሬው ዝም አይልም፣ ቀጭ ይላል። ቀጭ። ከዚያ ዝምታ። ቀጭ። መጻፍ ያልለመደ ሰው በአንድ ጣት ፊደል እየፈለገ ሲመታ እንዲያ ነው፣ ጋሽ ፀጋዬ ራሱ እንዲያ ነበር የሚጽፈው፣ ስለዚህ መጀመሪያ "በምን ገባ?" ነው ያልኩት። ቁልፉን ከኪሴ አወጣሁ፣ በሩ እንደቆለፍኩት ነው። ከፈትኩ፣ ማንም የለም። ወረቀቶቹ በቦታቸው። ወንበሩ ግን ወደ ኋላ ተስቧል።

"ራሴ ነኝ የሳብኩት" አልኩና ተቀመጥኩ። ወንበሩ ሞቋል።

አንድ ሰው ረዥም ሰዓት ተቀምጦበት የተነሳ ወንበር እንዴት እንደሚሞቅ ታውቃላችሁ። እኔ ከወጣሁ ሩብ ሰዓት አልፎኛል፣ ክፍሉ ደግሞ ትንፋሽ ያሳያል፣ እንዲህ ይበርዳል። ብድግ አልኩ። ያን ጊዜ ነው የኮምፒዩተሩን መስኮት ያየሁት፤ በኔ ስም ከፍቼ የተውኩት ዝርዝር የለም፣ የእንግዳው ሜኑ ነው የተዘረጋው። ሦስት መስመር ያለው ሜኑ፣ በእጄ የሠራሁት። አሁን ግን አራት መስመር ነበረው። አንድ ደብዳቤ፣ ሁለት ዝናብ፣ ሦስት መውጫ፣ አራት ሰይድ።

ሳቄ መጣ፣ ስደነግጥ የምስቅ ሰው ነኝ። ከዚያ ሰውን ሁሉ በልቤ ቆጠርኩ። ጋሽ ወንዴ ይሆን እንዳልል ከሱ ጋር ነበርኩ፣ እሱም የፈረንጅ ፊደል አያውቅ። ጋሽ ፀጋዬ አዳራሽ ነው። ደግሞስ በሜኑ ላይ መስመር መጨመር ከኔ በቀር በዚያ ወረዳ የሚችል ማን አለ? ከእንግዳው ወጥቼ በስሜ ገባሁ፣ አራተኛውን መስመር አጠፋሁ፣ ተመልሼ አየሁት፣ ጠፍቷል። ተነፈስኩ። የእንግዳውን መዝገብ ከፈትኩ። "እንግዳ ገባ፣ ዘጠኝ ሰዓት ከሃያ" ይላል፣ ውሃ ስጠጣ ማለት ነው። መውጫው ባዶ ነው። እኔ አሁን አስወጥቼዋለሁ እኮ፣ መውጫውን ነክቼ፣ መመዝገብ ነበረበት። አልተመዘገበም።

ወደ ሜኑው ተመለስኩ። አራት፣ ሰይድ።

እንግዳ የሚባለውን ስም ከነ በሩ፣ ከነሜኑው፣ ከሥሩ ነቅዬ ጣልኩት። ኮምፒዩተሩን አጥፍቼ እንደገና አስነሳሁት። ጉር ጉር አለ፣ ዲስኩ ትርትር አለ፣ ስም ጠየቀ። ሁለት እጄን ጉልበቴ ላይ አድርጌ ነበር፣ ይህን በልጆቼ እምላለሁ። ቀጭ። አንድ ፊደል ወጣ። ቆየ። ቀጭ። ሁለተኛ ወጣ። የፊደሉ ቁልፍ ወደ ታች ሲሰምጥና ሲመለስ በዓይኔ አየሁት፣ የሚጫነው ጣት ግን የለም። እየፈለገ፣ እየፈለገ፣ "እንግዳ" ብሎ ጻፈ።

በዚህ መሃል ጄኔሬተሩ ቆመ።

ቀኑን ሙሉ በጆሮህ ውስጥ የነበረ ድምፅ ሲቆም ዝምታው ያደነቁራል። መስኮቱ ላይ የነበረው ፊደል እስኪጠፋ ጠበቅሁ፣ መብራት የለማ፣ ምን ይዞት ይበራል? አልጠፋም። ጉሙ በፍርግርጉ ገብቶ ክፍሉ ደብዝዟል፣ የሚበራው እሱ ብቻ ነው፣ ነቅዬ የጣልኩት ሜኑ አራቱን መስመር ይዞ ቁጭ ብሏል። የረጠበ ጋቢ ሽታ ሸተተኝ፣ ረዥም መንገድ በጉም የመጣ ሰው የሚሸተው ሽታ።

"ማነህ?" አልኩ።

ቀጭ አለ፣ አራት ቁጥር ሰመጠና ተመለሰ። ለእንግዳ የማይከፈተው የሠራተኛ ዝርዝር ተከፈተ። ብልጭ ድርግም የምትለዋ መጻፊያ ምልክት ከላይ ጀምራ በየስሙ ሥር እየቆመች ወረደች፣ አንብቦ አንብቦ እንደሚያልፍ ሰው። ሙሉጌታ ሥር ስትደርስ ቆመች። አልሄደችም። ስትጠብቅ ነበር፣ እኔን ነበር የምትጠብቀው።

ፍርሃቱ እንዳለ ሆኖ ንዴት መጣብኝ። "እሱን አይደለም!" ብዬ ጮህኩ፣ "የእህቴ ባል ነው፣ ልጆች አሉት! ሌላ ውሰድ፣ የፈለግኸውን ውሰድ!" አልኩ። ለማን እንደምናገር አላውቅም፣ ግን ብያለሁ። ምልክቷ ትንሽ ቆየች። ከዚያ የኮምፒዩተሩ መስኮት ጨለመ፣ እኔም በሩን እንኳ ሳልዘጋ ወጥቼ ሮጥኩ።

ጋሽ ወንዴ በጄሪካን ናፍጣ ተሸክሞ ከጉሙ ውስጥ ወጣብኝ።

"ናፍጣ አልቆበት ቆመ፣ አሁን አስነሳልሃለሁ" አለ፣ ከዚያ አየኝና ጄሪካኑን አስቀመጠ። "ምን ሆነሃል አንተ ልጅ?"

"ጋሽ ወንዴ፣ ግቢ ሰው ገብቷል?"

"በማን በር? እዚሁ ነኝ።"

"ቢሮው ውስጥ ሰው አለ።"

እንደኔ ቢሆን ኖሮ ይስቅብኝ ነበር፣ እሱ አልሳቀም። ዱላውን አነሳና ቀደመኝ። ገባን፣ ማንም የለም። በሩ ላይ ቆሞ ክፍሉን በአፍንጫው ማገና "ሰው ነበረ" አለ፣ "እርጥብ ልብስ ይሸታል።" ጄኔሬተሩን አስነስቶ በሩ ላይ ቁጭ አለልኝ።

አሥር ሰዓት ተኩል ሆኗል፣ መልእክተኛው ሊደርስ ነው። ኮምፒዩተሩ እንደ ደህና ነገር ተነሳ፣ በስሜ ገባሁ፣ እንግዳ የሚባል የለም፣ የእንግዳ ሜኑ የለም። ዝርዝሩን ፈራ ተባ እያልኩ ከፈትኩ። ሰይድ አለ። ሙሉጌታም አለ። ጣቴን መስኮቱ ላይ እያሳረፍኩ ቆጠርኩ፣ አሥራ ስምንት። እንደገና ቆጠርኩ፣ አሥራ ስምንት።

ያን ጊዜ የተሰማኝን ደስታ ልነግራችሁ አልችልም። አሁን እናንተ በጸጥታ ተቀምጣችሁ ስትሰሙት ምን መጠየቅ እንደነበረብኝ ታዩ ይሆናል፣ ያን ሰዓት ግን መልእክተኛ ለሚጠብቅ ሰው ሁለቱ ስሞች መኖራቸውና ቁጥሩ መሙላቱ ከበቂ በላይ ነበር። ጋሽ ፀጋዬ ሲጀምር አሥራ ሰባት ቆጥሮ ይሆናል አልኩ፣ ሰይድንም ሳላጠፋው ቀርቼ ይሆናል አልኩ፣ ሰው ማመን የፈለገውን ያምናል። በተፈረመው ወረቀት ላይ አተምኩ፣ ወረቀቱ ሲወጣ እጥፍ አድርጌ ፖስታ ውስጥ ከተትኩት፣ መልእክተኛው መጣና ወሰደው። ማታ አሰለፈች ጋ ሄጄ "ሙሉጌታ ቀርቷል" አልኳት። እግሬ ላይ ልትወድቅ ስትል አነሳኋት።

በማግስቱ ጠዋት ሁላችንም አዳራሽ ተሰበሰብን። የኮሚቴው ሊቀመንበር ወረቀቱን ዘረጋና "ስማችሁ የተጠራ በቀኝ በኩል ውጡ፣ ወደ ሥራችሁ ትመለሳላችሁ" አለ። ሰይድ ተጠራ፣ ወጣ። ሙሉጌታ ተጠራ፣ ወደኔ ዞሮ እየሳቀ ወጣ። አሥራ ስድስት፣ አሥራ ሰባት፣ አሥራ ስምንት። ወረቀቱን አጠፈው።

እኔ በግራ በኩል ቆሜያለሁ።

ጋሽ ፀጋዬ ከጠረጴዛው ጀርባ ተቀምጦ ነበር። ደንግጦ ወረቀቱን ተቀብሎ አየው፣ ፊርማው አለ፣ ማህተሙ አለ። ከዚያ ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሜ ሰጠሁት ቢል እሱ እስር ቤት ነው። ስሞቹን ነካክቻለሁ ብል እኔ እስር ቤት ነኝ፣ ዝርዝሩም እንደገና ይመረመራል፣ ሙሉጌታም ይወጣል። ሁለታችንም ይህን በአንድ ጊዜ አሰብነው መሰለኝ፣ ሁለታችንም ዝም አልን። ሊቀመንበሩ "ጥያቄ ያለው ጓድ አለ?" ብሎ ጠየቀ። ጥያቄ አልነበረኝም።

ዕቃዬን እንድወስድ በጥበቃ አጀብ ወደ ቢሮ ሲያመጡኝ አንድ ነገር ብቻ ማየት ፈለግሁ። ጋሽ ወንዴ እንባውን እየጠረገ ጄኔሬተሩን አስነሳልኝ፣ ጠባቂው በሩ ላይ ሲጋራውን ሲለኩስ የእንግዳውን መዝገብ ከፈትኩ። ስሙን ከነቀልኩት በኋላም መዝገቡ ይጽፍ ኖሯል። ገባ፣ ገባ፣ ገባ ይላል፣ ሦስት ጊዜ። ወጣ የሚል አንድም የለም። ኮምፒዩተሩን አጠፋሁና መኪናው ላይ ወጣሁ።

ደብረ ሲና ላይ ስንደርስ ነው ያለቀስኩት። ስለ ጦርነቱ አላወራችሁም፣ ከኔ የተሻለ የሚያወራ ሞልቷል። በእግሬ ውስጥ ብረት ይዤ ደርግ ሲወድቅ ተመለስኩ። ቢሮው ተዘርፎ በር እንኳ አልነበረውም፣ ኮምፒዩተሩን ማን እንደወሰደው የሚያውቅ የለም፣ ጋሽ ወንዴም አርፎ ደረስኩ። አንዳንዴ ራሴን እጠረጥራለሁ፣ በዚያ ድንጋጤ ውስጥ ስሜን ራሴ አጥፍቼው ይሆን እያልኩ እጄን አገላብጬ አየዋለሁ። ግን ራሴን አውቀዋለሁ፣ እኔ እንደዚያ ዓይነት ሰው አይደለሁም፣ የማልዋሻችሁም ይህንን ነው። "የፈለግኸውን ውሰድ" ስል ራሴን አስቤ አልነበረም።

እህቴ ግን እንደዚያ አይደለም የምታምነው። በየዓመቱ ፋሲካ እነሱ ቤት ነው የምውለው፣ አሰለፈች ልጆቿንና የልጅ ልጆቿን ሰብስባ ታወራላቸዋለች፣ "አጎታችሁ ወረቀቱ በእጁ ነበር፣ የራሱን ስም ፍቆ የአባታችሁን ጻፈ፣ እንዲህ ያለ ወንድም የት ይገኛል?" ትላቸዋለች። ሙሉጌታ ሸምግሏል፣ ያ ሁሉ ሳቁ አለ፣ ተነስቶ እጄን ሊስም ይጎነበሳል፣ እኔ እየነጠቅሁት። ሰይድም ከቆላ ሲወጣ ሳይጠይቀኝ አያልፍም፣ "ለሁላችን የሄድከው አንተ ነህ፣ አላህ ይክፈልህ" ይለኛል፣ ለአንድ ሰዓት ያህል እሱን ከዝርዝሩ አውጥቼው እንደነበር አያውቅም።

ባለፈው ፋሲካ ትንሿ የልጅ ልጅ አጠገቤ መጥታ "አያ ደምሴ፣ ስምህን ስታጠፋው አልፈራህም?" አለችኝ። ሁሉም መልሴን ጠበቁ። አሰለፈች ዓይኗ እንባ ሞልቷል። ምን ልበል? "ፈርቻለሁ" አልኳት፣ ጉንጬን ሳመችኝ፣ ሁሉም አጨበጨቡልኝ፣ እኔም የቀረበልኝን በላሁ።